የጎረቤት ቀልድ

ከሰቆጣ ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ሰው ጋዝጊብላን አቋርጦ ያልፋል። ከዋግ ወጥቶ ላስታ መግባቱን የሚነግረው ተራራው አይደለም፤ ተራራው ያው ተራራ ነው። የሚነግረው የሰው ጨዋታ ነው። በዋግ በኩል «ማር ማለት የሰቆጣ ነው» ሲባል ሰምቶ ጥቂት አለፍ እንዳለ፣ «የላስታን ያልቀመሰ ማር ቀመስኩ አይበል» የሚል ይቀበለዋል።

ነሐሴ 16 ቀን ሲደርስ ክርክሩ ከማር ወደ ሣር ይዛወራል። ልጃገረዶች ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው በከበሮ የሚጫወቱበት በዓል በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ታዲያ እያንዳንዱ «መነሻው የኛ አገር ነው» ማለቱ አይቀርም።

በተማሪነታችን ጊዜ አንድ የዋግና አንድ የላስታ ልጅ በዚሁ ነገር ሲሟገቱ ያመሹ ነበር። የዋጉ ልጅ ከቤት የተላከለትን ማር ሲያወጣ ግን የላስታው ዳቦውን ይዞ ይቀርባል። ማሩን እየበላ ማሩን ያማል፤ ባለማሩም እየሳቀ ይጨምርለታል።

ይህ ጠባይ የኛ ብቻ አይደለም። በሰሜን አውሮፓ ስዊድኖችና ኖርዌዮች አንዱ ሌላውን ሞኝ የሚያደርግባቸው ቀልዶች አሏቸው። የሚገርመው፣ ያው አንዱ ቀልድ የባለቤቱ ስም እየተለወጠ በሁለቱም አገር መነገሩ ነው። ዴንማርኮችን ደግሞ «ድንች ጎርሰው ይናገራሉ» ይሏቸዋል። እነዚህ ሕዝቦች በጥንት ዘመን ደጋግመው የተዋጉ ናቸው። ይሁንና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ኖርዌይ ከስዊድን ስትለይ ነገሩ ያለ ጦርነት በንግግር አለቀ፤ በ1952ም የጋራ የኖርዲክ ምክር ቤት አቋቋሙ። ዛሬ የቀረው ቀልዱ ነው።

የኛ ፉክክር ግን ሁልጊዜ በሣቅ አላለቀም። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ፣ ባለቤታቸው የትግራዩ የደጃዝማች ካሣ ምርጫ እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽ ነበሩ። አማችነቱ ግን ሁለቱን በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ከመዋጋት አላገዳቸውም። ድሉ የካሣ ሆነ፤ እርሳቸውም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነትም ያንኑ ሣር በሚያስሩት ልጃገረዶች አገር ሁሉ ሐዘን አስገብቷል።

እንግዲህ ጨዋታን ከንቀት የሚለየው ምንድን ነው? በኔ አስተያየት፣ ቀልድ ጨዋታ የሚሆነው የተቀለደበት ሰው መልሶ መቀለድ ሲችል ነው። የዋጉና የላስታው ልጅ እኩዮች ስለ ነበሩ ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን አፉን በኽምጣና የፈታ አንድ ገበሬ ለጉዳይ ቢሮ ገብቶ አማርኛው ሲሰናከልበት፣ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ወጣት ሹም ቢስቅበት፣ ይህ ጨዋታ አይደለም። ባለጉዳዩ ማመልከቻውን ይዞ ቆሟል፤ በምን አፉ መልሶ ይቀልዳል? የሣቀውም ሹም ኽምጣና ከአገው ቋንቋዎች አንዱ መሆኑን፣ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያቆዩልን የዛጕዌ ነገሥታትም አገው እንደ ነበሩ ዘንግቷል።

ስለዚህ ወደ እንዲህ ያለው አገር የምትመደብ ወጣት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድመህ ሰላምታውን በኽምጣና ተማር። አጠራርህ ተበላሽቶ ገበሬው ቢስቅብህ አትቆጣ፤ አብረህ ሣቅ። ያን ጊዜ አንተም ስለ ማሩ ብትቀልድበት አይቀየምህም፤ ምናልባትም ማሩን ያስቀምስሃል።