የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ ብቻ እንምረጠው?

የቀበሌያችሁ ወይም የወረዳችሁ ምክር ቤት አባል ማን ነው? ስሙ ቢጠፋባችሁ እንኳ የት እንደሚኖር፣ በምን እንደሚተዳደር ታውቃላችሁ? አብዛኞቻችን የአርሰናልን አሰላለፍ በቃላችን እንወጣዋለን፤ ይቺን ጥያቄ ስንጠየቅ ግን ዝም ነው።

ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። አገር አቀፍ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ በ2010 መካሄድ ሲገባው ተራዘመ። በ2013 ድምፅ የተሰጠው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤቶች ነበር፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ደግሞ የከተማ ምክር ቤታቸውን መረጡ። ቀበሌና ወረዳ አልነበሩበትም። ስለዚህ በ2005 ዕድሜው 18 ያልሞላ ወጣት ለቀበሌው ዕጩ ድምፅ የመስጠት ዕድል አላገኘም ማለት ነው።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚል አይጠፋም። መታወቂያ ለማውጣት የምትሄዱት የት ነው? የኮብልስቶኑ፣ የቦኖ ውኃው፣ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ምልመላው ጉዳይ ሲነሳስ መጀመሪያ የሚጠራው ማን ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ከፓርላማው ይልቅ የዕለት ኑሯችንን የሚነካው ይኼኛው ወንበር ነው።

በየአራተኛው ቤት አንድ ተመራጭ

የአካባቢ ዕጩ ሲነሳ ቶሎ የምንሰማው ክርክር «እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ችግራችንን የሚያውቅ ሰው ይሁን» የሚል ነው። ክፋት የለውም። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትመጣ ለማወቅ እዚያው መኖር ይጠይቃል። ግን ይኼ ብቻውን በቂ መሆኑን የምንፈትሽበት አንድ ትልቅ ማስረጃ አለን።

በሚያዝያ 2000 በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የቀረቡት መቀመጫዎች 3.6 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ቁጥሩ እንዲህ የበዛው የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ስለተደረገ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ወደ 74 ሚሊዮን ሰው ቆጥሯል። ስናካፍለው በግምት ለ20 ሰው አንድ ወንበር ይደርሳል። በአንድ ቤት አምስት ሰው ይኖራል ብንል፣ በየአራተኛው ቤት አንድ የምክር ቤት አባል አለ ማለት ነው!

ከዚህ በላይ የሰፈር ልጅ ከየት ይመጣል? ተመራጮቹ አርሶ አደሩ፣ አስተማሪው፣ ቡና የምንጠራራቸው ጎረቤቶች ነበሩ። ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ግን «ዕጩዎቻችን እንዳይመዘገቡ ተደረገ» ብለው ከውድድሩ ወጡ፤ ወንበሩን ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱት። ጎረቤታችን ምክር ቤት ገባ፤ በድምፃችን ልናወርደው ግን አንችልም ነበር።

ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ደጋግመን የምንሰማት ነገር አለች፦ ሰው የሚጠነቀቀው ሊያሳጣው ለሚችለው ነው። ዕጩው ወንበሩን የሚያጣው በእናንተ ድምፅ ከሆነ እናንተን ይሰማል። የሚያጣው ዕጩ አድርጎ ባቀረበው አካል ከሆነ ደግሞ ወደዚያ ያያል፤ በእናንተ ግቢ ቢያድግም እንኳ።

እድር እንዴት ይመርጣል?

ጎረቤትን በጎረቤትነቱ ሹሞ ማሠራት የሚቻል መሆኑን እድር ያሳየናል። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ የሚነሳው ጥያቄ «የማን ዘር ነው?» ከሚለው ይለያል። ሌሊት ሲጠራ ይነሳል ወይ? ደብተሩን በሥርዓት ይይዛል? ድንኳኑና ወንበሩ በእሱ ጊዜ ጠፍቶ ያውቃል? ሒሳቡ በጠቅላላ ጉባኤ ይነበባል፤ ከጎደለ ሰውዬው ይጠየቃል፣ ይቀየራልም።

እድርም ጉድለት አለበት። በብዙ ሰፈር የሚሰማው የአዛውንት ወንዶች ድምፅ ነው። በየዓመቱ ቤት የሚቀያይረው ተከራይና ወጣቱ ብዙውን ጊዜ አባል አይደሉም። ስለዚህ «የእድር ዳኛ ነበርኩ» የሚል ዕጩ ሲመጣ ግማሹን ሰፈር ላያውቀው እንደሚችል አስቡ።

ዕጩው በራችሁን ሲያንኳኳ

በ2013 ብዙ ሰው ያወራው ስለ አምፖልና ስለ ሚዛን ነበር፤ ከምልክቱ ሥር ስሙ የተጻፈውን ሰው ግን የጠየቀው ጥቂት ነው። ወደፊት የአካባቢ ምርጫ ሲመጣ ቢያንስ እነዚህን እንጠይቅ፦

አንደኛ፦ የጋራ ገንዘብ ወይም ንብረት ይዘህ ታውቃለህ? ሒሳቡን ለማን አቀረብክ?

ሁለተኛ፦ ፓርቲህ ሰፈሩን የሚጎዳ ነገር ቢወስን ምን ታደርጋለህ? እስካሁን «አይሆንም» ያልክበት ጊዜ አለ?

ሦስተኛ፦ ተከራዩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጀበና ዘርግታ ቡና የምትሸጠው ልጅ ያውቁሃል?

አራተኛ፦ ከተመረጥክ በኋላ የት እናገኝሃለን? በየስንት ጊዜው ሪፖርት ታቀርብልናለህ?

መልሱን ደግሞ በሰፈራችሁ የቴሌግራም ግሩፕ አስቀምጡት። ከዓመት በኋላ ወደ ላይ ስክሮል አድርጎ «እንዲህ ብለህ ነበር» ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ ደግሞ 21 ዓመት ይበቃል። ይኼን ከምታነቡት ውስጥ ብዙዎቻችሁ ዕጩ መሆን ትችላላችሁ። በኮንዶሚኒየማችሁ ለውኃ ፓምፑና ለጥበቃው የሚዋጣውን ብር የሚሰበስብ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ወደ ስልኩ ነው የሚያጎነብሰው። እስቲ በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችሁን አውጡ፤ ደብተሩን ያዙና በወሩ መጨረሻ ሒሳቡን በሩ ላይ ለጥፉት።