ያረጀን ጨዋታ ምድር በአዲስ ሥዕል ስለ መጣፍ

ብዙ ወላጆች ልጃቸው በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ሲያመሽ ባዩ ጊዜ፣ ዕድሜውን በጨዋታ ብቻ የሚፈጅ ይመስላቸዋል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳቱም። ነገር ግን ከተጫዋቾቹ መካከል ጨዋታውን ወደ ጐን ብለው የጨዋታውን ምድር አዲስ ሥዕል የሚያለብሱ፣ የሠሩትንም ያለ ዋጋ ለሌላው የሚያካፍሉ አሉ። የእነዚህን ሰዎች ሥራ በአንድ ጨዋታ ታሪክ ለመግለጥ እወዳለሁ። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ክሪስ ሶየር የተባለ የስኮትላንድ ሰው በ1994 «ትራንስፖርት ታይኩን» የተሰኘውን ጨዋታ ሠራ። ተጫዋቹ ከተሞችና የማዕድን ጕድጓዶች ያሉበት ምድር ይሰጠዋል፤ በዚያም ሐዲድ ይዘረጋል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ የድንጋይ ከሰሉን ወደ ኃይል ማመንጫው ያደርሳል። ሥዕሎቹን ያዘጋጀው ሳይመን ፎስተር ነበር። ምድሩ ከኰረብታ ላይ ቍልቍል እንደሚመለከቱት ሆኖ በሰያፍ ካሬዎች የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ካሬ በስፋቱ 64፣ በቁመቱ 31 ነጥብ ብቻ ነው። ቀለሙም በጠቅላላው ከ256 አይበልጥም። በ1995 የተሻሻለው እትም ወጣ።

ጨዋታውን የወደዱት ሰዎች ግን በተሰጣቸው አልረኩም። ከመካከላቸው አንዱ «ቲቲዲፓች» የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። «ፓች» በእንግሊዝኛ እራፊ ማለት ነው። በእኛም ቋንቋ «ጣፈ» የሚለው ቃል ልብስ ለሚጠግነውም ፊደል ለሚጽፈውም መነገሩ ለዚህ ሥራ እጅግ የተስማማ ነው። ይህ እራፊ በዲስክ ላይ ያለውን የባለቤቱን ሥራ አይነካም፤ ጨዋታው ተነሥቶ በሚሠራበት ጊዜ ብቻ በኮምፒዩተሩ ትውስታ ውስጥ ገብቶ አንዳንድ ነገር ይለውጥለታል። በዚሁ መንገድ አዲስ ሥዕል በአሮጌው ላይ መደረብ ተቻለ፤ የዚህም ዓይነት የሥዕል ፋይል «ኒውጂአርኤፍ» ተባለ።

ሥራው ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ሜዳውን በሌላ ሣር ለመተካት አንድ ሥዕል አይበቃም፤ ምድሩ በየማዕዘኑ ስለሚነሣና ስለሚወርድ፣ ለአንዱ ዓይነት መሬት ብቻ 19 ሥዕል ያስፈልጋል፤ የአንዱም ጠርዝ ከሌላው ጠርዝ ጋር ነጥብ በነጥብ መግጠም አለበት። ባቡር በ8 አቅጣጫ ይሣላል። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሣዩ ወደ ሒሳብ ይመለሳል፤ ሥዕሉ ከወረቀቱ በየት በኩል እንደሚጀምር፣ ስፋቱና ቁመቱ፣ ከካሬውም መካከል ምን ያህል እንደሚርቅ በቍጥር ይጽፋል። በዚህ ቍጥር ላይ የተሳሳተ እንደ ሆነ ባቡሩ ከሐዲዱ በላይ በአየር ሲንሳፈፍ ይታያል። ቀለሙም የራሱ ወጥመድ አለው። ከ256ቱ ውስጥ አንዳንዶቹ ቀለማት የውኃውን እንቅስቃሴ ለማሳየት ራሳቸው ይለዋወጣሉ። ሌሎች 8 ሰማያዊ ቀለማት ደግሞ ለኩባንያው መለያ የተለዩ ናቸው። ሣዩ ሳያውቅ በእነዚህ ጣሪያ የቀባ እንደ ሆነ ባለቤቱ በተለወጠ ቍጥር ጣሪያውም ይለወጣል።

ነገሩ እጅግ የከበደው ግን ኋላ ነው። ሉድቪግ ስትሪጌዩስ የተባለ ስዊድናዊ የጨዋታውን ውስጠ ሥራ መርምሮ «ሲ» በተባለው ቋንቋ እንደ ገና ጻፈውና በ2004 «ኦፕንቲቲዲ» ብሎ ለሁሉ በነጻ ሰጠ። ፕሮግራሙ ነጻ ሆነ፤ ሥዕሉ ግን የባለቤቱ ንብረት ነበር። ስለዚህ ጨዋታውን ለማስነሣት የአሮጌው ጨዋታ የሥዕል ፋይሎች ግድ ያስፈልጉ ነበር። የማይገባውን ገልብጦ መውሰድ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ብዙዎችም አድርገውታል።

ሌሎች ግን ሁሉን ከመጀመሪያው ለመሣል ተነሡ፤ ሥራቸውንም «ኦፕንጂኤፍኤክስ» አሉት። ችግሩን ተመልከቱ፤ አዲሱ ሥዕል በአሮጌው ቦታ ልክ መግባት አለበት፣ መጠኑም ያው ነው፣ ነገር ግን ከአሮጌው የተቀዳ መሆን የለበትም። በሺህ የሚቈጠሩ ሥዕሎችን በየአገሩ ተበትነው የሚኖሩ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ተከፋፈሏቸው። በ2009 መጨረሻ ሥራው ሞላ፤ ሚያዝያ 1 ቀን 2010 የወጣው የኦፕንቲቲዲ 1.0 እትምም የአሮጌውን ፋይል ሳይሻ ብቻውን ቆመ።

በመካፈል ረገድ አንድ ነገር አለ፤ ወጣቶች ሁልጊዜ የሚዘነጉት ይመስለኛል። ኦፕንጂኤፍኤክስ የተሰጠው ጂ.ፒ.ኤል በተባለው ፈቃድ ነው፤ ይህም ሥራውን የተቀበለ ሁሉ እንዲያርመውና መልሶ እንዲያካፍል ያስችለዋል፤ ነገር ግን የሥዕሉን ምንጭና የቍጥሩን ጽሑፍ አብሮ እንዲሰጥ ያዝዘዋል። ፈቃዱን ሳይጽፍ ሥዕሉን ብቻ የሰጠ ሰው ለጋስ ይመስላል፤ እርሱ ሥራውን የተወ ዕለት ግን ስሕተቱን ለማረም ሥልጣን ያለው አይገኝም። ሥዕሉ ከሌላ ሰው ሥራ ላይ ተቈርጦ የተቀጠለ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ከመቶ አንዱ የሌላ ሰው ቢሆን መቶውም መነሣቱ አይቀርም።

በቤታችሁ የመሣል ፍላጎት ያለው ልጅ ካለ ከዛፍ ይጀምር። አንድ ዛፍ ከችግኝነቱ አንሥቶ እስኪደርቅ ድረስ በ7 ሥዕል ይታያል፤ የሚሣለውም በደጃችሁ የቆመው ጽድ ቢሆን የሚከለክል የለም። ሰባቱንም ሥዕሎች በሰማያዊ መደብ ላይ ያኑር፤ ያ ሰማያዊ በጨዋታው ውስጥ አይታይም።