በጋሞ ዞን ለቫይረስ ወረርሽኝ የሚደረግ ዝግጅት

በጋሞ ዞን ለቫይረስ ወረርሽኝ የሚደረግ ዝግጅት በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በአርባ ምንጭ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የደጋና የቆላ ወረዳዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች፣ ዕድሮች፣ የአገር ሽማግሌዎችና የጤና ሠራተኞች ተላላፊ በሽታ ከመድረሱ በፊትና ከደረሰ በኋላ የሚወስዷቸው እርምጃዎች ናቸው። ጉዳዩ በተለይ የጎላው በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ ቫይረስ በዚሁ ክልል በጂንካ ከተማ መገኘቱ ሲረጋገጥ ነው።

አካባቢውና መንገዱ

አርባ ምንጭ ከጋሞ ተራሮች ግርጌ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጂንካ ተነሥቶ በኮንሶ በኩል የሚመጣው መንገድ በአርባ ምንጭ አልፎ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሐዋሳ ይቀጥላል። ስለዚህ ከደቡብ ኦሞ በኩል የሚነሣ በሽታ በመኪና የሚጓዝ ከሆነ ይህችን ከተማ ሳይነካ ማለፉ አስቸጋሪ ነው። በከተማዋ መናኸሪያ አለ፤ ሙዝ ጭነው ወደ መሐል አገር የሚሄዱ መኪናዎች አሉ፤ ከመላ ኢትዮጵያ የመጡ ተማሪዎች የሚኖሩበት ዩኒቨርሲቲም አለ።

ሌላው መንገድ ደግሞ ከሰሜን የሚመጣው ነው። ከዶርዜ፣ ከጨንቻና ከሌሎች የደጋ ቀበሌዎች የወጡ ሸማኔዎች ለብዙ ትውልድ በአዲስ አበባ፣ በተለይም በሽሮ ሜዳ አካባቢ ሲሠሩ ኖረዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለመስቀል በዓል ወደ ትውልድ ቀያቸው ይመለሳሉ። መስቀል በጋሞ ከዓመቱ በዓላት ሁሉ ትልቁ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ የሚገናኝበት፣ ሥጋ በጋራ ተገዝቶ የሚከፈልበት፣ የከረመ ጠብ የሚታረቅበት ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ የተነሣ ወረርሽኝ ወደ ተራራው አናት ለመድረስ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አያገኝም። ኮቪድ-19 ያሰጋው በዚህ አቅጣጫ ነበር፤ ማርበርግ ያሰጋው ደግሞ በተቃራኒው።

ቀደም ያሉ ወረርሽኞች

በኢትዮጵያ ከሁሉ በላይ የሚታወሰው ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. የገባውና «የኅዳር በሽታ» የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ፣ ማለትም «ኅዳር ሲታጠን»፣ ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ይነገራል። ጭሱ ቫይረስን አይገድልም። ይሁን እንጂ አንድ ሰፈር በአንድ ቀን ተነሥቶ ደጁን ማጽዳቱ ለጤና ሥራ የሚጠቅም ልማድ ነው።

ለደቡቡ ክፍል ይበልጥ የቀረበው ግን ቢጫ ወባ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያና በኦሞ ወንዝ ተፋሰስ የተነሣው ወረርሽኝ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞችም ከታላላቆቹ አንዱ ነው። የዛሬው ደቡብ ኦሞ በዚያን ጊዜ በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በሽታው በደቡብ ኦሞ እንደገና ሲነሣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ለመከተብ ዘመቻ ተካሂዷል። ቢጫ ወባ ክትባት አለው፤ ማርበርግ ግን በ2018ቱ ወረርሽኝ ወቅት የጸደቀ ክትባትም ሆነ መድኃኒት አልነበረውም። የሁለቱ ዝግጅት የሚለያየውም በዚህ ነው።

የኮቪድ-19 የመጀመሪያ ታማሚ በኢትዮጵያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤቶች በቀናት ውስጥ ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ይህ የሆነው ከፋሲካ በፊት፣ የሸማ ገበያ በሚደምቅበት ወቅት ነበር። ለሸማኔ ቤተሰብ «ቤት ውስጥ ቆዩ» ማለት መሥራቱን አይከለክልም፤ ሸማኔ የሚሠራው ቤቱ ነውና። የሚከለክለው መሸጡን ነው።

ማርበርግ በ2018 ዓ.ም.

የማርበርግ ቫይረስ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን በማርበርግና በፍራንክፈርት፣ እንዲሁም በቤልግሬድ ነው። ከዑጋንዳ ለምርምር የተወሰዱ ጦጣዎችን የነኩ የላቦራቶሪ ሠራተኞች ናቸው ቀድመው የታመሙት። የቫይረሱ ተፈጥሯዊ መኖሪያ ፍራፍሬ የሚበላ፣ በዋሻ የሚያድር የሌሊት ወፍ ዓይነት ነው። ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ምልክት ከታየበት ሰው ወይም ከሞተ ሰው አካል በሚወጣ ፈሳሽ፣ ማለትም በደም፣ በትውከት፣ በተቅማጥ፣ በላብና በመሳሰሉት ንክኪ ነው። እንደ ኮቪድ በትንፋሽ አይዛመትም። ምልክቱ ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። በተለያዩ ወረርሽኞች ከታመሙት ውስጥ የሞቱት ከ24 እስከ 88 በመቶ ሲሆኑ፣ አማካዩ ግማሽ ያህል ነው።

በኢትዮጵያ ወረርሽኙ መከሰቱ የተገለጸው ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከጂንካና ከአካባቢው ሌላ በሐዋሳም ታማሚ ተገኝቷል። በላቦራቶሪ ከተረጋገጡት 14 ታማሚዎች 9ኙ ሞተዋል። ከተጠቁት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩበት። የወረርሽኙ ማብቂያ የታወጀው ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሩዋንዳ በተነሣው የማርበርግ ወረርሽኝ 66 ሰዎች ታመው 15 ሞተው ነበር፤ በሽታው ቶሎ ከታወቀና ታማሚው ፈሳሽና ተገቢ እንክብካቤ ካገኘ ሞት ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል።

«ወባ ነው»

በአርባ ምንጭ ትኩሳት የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው፤ ማሰቡም ትክክል ነው። ቆላው የወባ አገር ነው። የማርበርግ የመጀመሪያ ቀናት ግን ከወባ የሚለዩበት ምልክት የላቸውም፤ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመምና ድካም ናቸው። ተቅማጥ፣ ትውከትና ሆድ ቁርጠት ከሦስተኛው ቀን ገደማ ይከተላሉ። መድማት የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ በሁሉም ታማሚ ላይም አይታይም። ስለዚህ «ደም ካልፈሰሰው ማርበርግ አይደለም» የሚለው አባባል አደገኛ ስሕተት ነው።

በዚህ የተነሣ በቤተሰብ ደረጃ የመጀመሪያው ዝግጅት ከባለፈው ሕመም የተረፈ የወባ ክኒን ውጦ አለመተኛት ነው። በየቀበሌው ጤና ኬላ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጣት በመውጋት ወባን በደቂቃዎች ውስጥ ይመረምራሉ። ውጤቱ ወባ የለም ካለ፣ ወይም ታክሞ ካልተሻለው፣ ወይም ታማሚው በቅርቡ ለቅሶ ከደረሰ፣ ሌላ ታማሚ ካስታመመ፣ ዋሻ ከገባ ይህንኑ ሳይደብቅ መናገር ይኖርበታል። ወባ ተገኘበት ማለት ሌላ በሽታ የለበትም ማለት እንዳልሆነም መዘንጋት የለበትም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። በነጻ የሚደወልባቸው ስልኮች የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 እና የጤና ሚኒስቴር 952 ናቸው። ደውሎ መጠበቅ ታማሚውን በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ከሰው ጋር አጨናንቆ ከማምጣት ይሻላል።

በቤት ውስጥ

ምግብን በተመለከተ ደጋው ከቆላው የተሻለ ዕድል አለው። የደጋው ጋሞ በእንሰት ይኖራል፤ ቆጮ በጉድጓድ ተቀብሮ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። ከጓሮው እንሰት ያለው ቤተሰብ ሦስት ሳምንት ከገበያ ቢቀር አይራብም። በቆላው ሙዝና ማንጎ ሞልቷል፤ ነገር ግን አይከርምም። በሲቀላ ቤት ተከራይቶ የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው ደግሞ የነገውን ምግብ የሚገዛው ዛሬ በሠራው ነው። «የወር አስቤዛ ይያዝ» የሚለው ምክር ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ምንም አይፈይድም፤ ለእርሱ የሚጠቅመው ዕድሩ ወይም ጎረቤቱ አስቀድሞ ቃል የገባለት እህል ነው።

ፍራፍሬን በተመለከተ የሌሊት ወፍ የቀመሰው ወይም ጥርስ ያረፈበት ማንጎ ይጣላል፤ ደኅናው ታጥቦና ተልጦ ይበላል። ሕፃናት ወደ ዋሻ እንዳይገቡ ይመከራሉ። የሌሊት ወፎችን አሳዶ መግደል ግን አይደገፍም፤ ሰውን ይበልጥ ከእነርሱ ጋር ያነካካል።

ለእጅ ውሃና ሳሙና በቂ ነው። ታማሚ የተኛበትን ወለልና ዕቃ ለማጽዳት በረኪና ያስፈልጋል። በሱቅ የሚሸጠው በረኪና ጥንካሬው 5 በመቶ ከሆነ፣ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 0.5 በመቶ ይሆናል። ውህዱ ጥንካሬውን ስለሚያጣ በየቀኑ አዲስ መዘጋጀት አለበት፤ ለመታጠቢያ አይሆንም፤ ከሌላ የጽዳት ኬሚካልም ጋር አይቀላቀልም።

የተጠረጠረ ታማሚ ካለ እርዳታ እስኪደርስ ድረስ የሚያስታምመው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ይህ በብዙ ቤት ከባድ ነው። ታማሚ ተከብቦ መጠየቁ፣ እናት ልጇን አቅፋ ማደሯ፣ ከአንድ ትሪ መብላትና መጎራረስ፣ ጠዋት ጎረቤት ተጠራርቶ የቡና ቅጠል መጠጣት የፍቅር መግለጫዎች ናቸው። ለጊዜው ይቀራሉ። መጠየቅ ግን አይቀርም፤ በስልክ ወይም ከደጅ ሆኖ ይሆናል። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቤቱ ካለ፣ መንገድ ከመዘጋቱ በፊት የሚበቃውን ያህል ከጤና ተቋሙ መጠየቅ ከሚረሱት ነገሮች አንዱ ነው።

ለቅሶና ቀብር

ከዝግጅቱ ሁሉ አስቸጋሪው ይህ ነው። በማርበርግ የሞተ ሰው አስከሬን በቫይረስ የተሞላ ነው። አስከሬን የሚያጥቡና የሚገንዙ ሰዎች፣ አስከሬኑን አቅፈው የሚሰናበቱ ዘመዶች ለበሽታው ከሁሉ ይልቅ የተጋለጡ ናቸው። በሌላ በኩል በጋሞ ለቅሶ ትልቅ ማኅበራዊ ግዴታ ነው። ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር ሰው እየጎረፈ ይመጣል፤ በሰፊ ሜዳ ላይ ጦርና ጋሻ ይዞ እየዘመረ ይሮጣል። ለቅሶ ያልደረሰ ዘመድ ለዓመታት ይወቀሳል።

በምዕራብ አፍሪካ በኢቦላ ወረርሽኝ ወቅት አስከሬን በግድ ይወሰድ በነበረበት ቦታ ቤተሰቦች ሟቾቻቸውን እየደበቁ በሌሊት ቀብረዋል፤ በሽታውም ተባብሷል። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ቀብሩን የሠለጠነ ቡድን የመከላከያ ልብስ ለብሶ ያከናውናል፣ ቤተሰቡ ግን አይገለልም የሚል ነው። የቤተሰብ ተወካይ ከርቀት ሆኖ ይከታተላል፤ ቄሱ፣ ፓስተሩ ወይም ሼኩ ጸሎቱን ያደርሳል፤ የመቃብሩን ቦታ ቤተሰቡ ይመርጣል።

በዚህ ላይ የዕድር ሚና ወሳኝ ነው። ዕድር ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ብቻ ሳይሆን መዝገብም አለው፤ ማን የማን ቤተሰብ እንደሆነ፣ ማን እንደታመመ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቀድሞ ያውቃል። ድንኳኑ ባይተከል፣ ለለቅሶው ምግብ የሚወጣው ገንዘብ በቀጥታ ለሐዘንተኛው ሊሰጥ፣ ተዝካሩም ወረርሽኙ እስኪያልፍ ሊቆይ ይችላል። ዕድሩ ይህን ውሳኔ ማድረግ ያለበት ሰው ሳይሞት በፊት ነው። ሟቹ ከታወቀ በኋላ የሚወሰን ከሆነ ቤተሰቡ «የእኛን ሰው ናቁት» ማለቱ አይቀርም።

ዱቡሻና የሽማግሌዎች ቃል

ጋሞዎች የጋራ ጉዳያቸውን የሚመክሩበት የአደባባይ ሸንጎ ዱቡሻ ይባላል። የሽማግሌዎቹ ተሰሚነት በአገር ደረጃ የታወቀው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ለበቀል የወጡ ወጣቶችን በአርባ ምንጭ እርጥብ ሣር ይዘውና ተንበርክከው ሲመልሱ ነው። «ቀብር ላይ አስከሬን አትንኩ» የሚለው መልእክት በጽሑፍ ከሚበተን ይልቅ ከእነዚህ ሰዎች አፍ በጋሞኛ ሲሰማ ይበልጥ ይከበራል።

በባህሉ ሕመም አንዳንድ ጊዜ «ጎሜ»፣ ማለትም ክልክል የሆነን ነገር የተላለፈ ሰው የሚደርስበት መዘዝ ተደርጎ ይታያል። ይህ ታማሚው እንዲያፍርና እንዲደበቅ ሊያደርገው ይችላል። በሌላ በኩል ጎሜ የሚፈታው የሆነውን በግልጽ በመናገር ነው፤ የጤና ሠራተኛውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ የት ነበርክ? ከማን ጋር ነበርክ? ስለዚህ ሽማግሌዎችን እንደ ተቃራኒ ሳይሆን እንደ አጋር መያዝ ያዋጣል። ዱቡሻው ራሱ ሕዝብ የሚሰበሰብበት መሆኑ ግን አይረሳም፤ በወረርሽኝ ጊዜ ጥቂት ተወካዮች ተራርቀው ቢመክሩ ይበቃል።

ክትትልና ከዚያ በኋላ

በሽታው የተረጋገጠበትን ሰው የነኩ ሁሉ ለ21 ቀን ሙቀታቸው እየተለካ ክትትል ይደረግባቸዋል። ዝርዝሩ ከአንድ ታማሚ ተነሥቶ እንደ መረብ የሚዘረጋ ነው፤ በመካከሉ አንድ ስም ከተደበቀ ከዚያ ስም ጀርባ ያለው ሁሉ አይታይም። የሚደበቀውም ብዙውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን ሥራን በመፍራት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእርሻና ከገበያ መቅረት ያስፈራል። ጎረቤት በደቦ ማሳውን ካረመለት፣ ውሃ ቀድቶ ከደጁ ካስቀመጠለት፣ ሰው ስሙን ለመናገር አይፈራም።

ወረርሽኙ አበቃ የሚባለው የመጨረሻው ታማሚ ከዳነ ወይም ከተቀበረ በኋላ አዲስ ታማሚ ሳይገኝ 42 ቀን ሲያልፍ ነው፤ ይህም የ21 ቀኑ እጥፍ ነው። ከበሽታው የዳነ ሰው በመጨባበጥም ሆነ አብሮ በመብላት አያስተላልፍም። ቫይረሱ በወንድ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል ግን የዳኑ ወንዶች ምርመራቸው ሁለት ጊዜ ነጻ እስኪል ድረስ በኮንዶም እንዲጠቀሙ ይመከራሉ። ይህ ምክር ለባለቤቱና ለትዳር አጋሩ ብቻ በምስጢር ይነገራል።