ጀግናዋ ከሄደች በኋላ

ለዛሬ ልጆች ጀግና ማለት ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚዘል፣ ፊቱን በጭምብል የሸፈነ ሰው ሆኗል። ዲላ ውስጥ ቴሌቪዥን በሌለበት ቤት እንኳ ስልክ ስላለ፣ ስፓይደርማንን የማያውቅ ሕፃን ማግኘት ይከብዳል። «ይህን ሁሉ ፊልም ማየታቸው አይጎዳቸውም ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ እናቶች ብዙ ናቸው። በነርስነት ዘመኔ ከዛፍና ከአጥር ላይ ዘለው እጃቸው የተሰበረ ልጆችን ስላየሁ ጥያቄውን አላቃልለውም። ይሁን እንጂ አንድ ታሪክ በፊልም ሲታይና በመጽሐፍ ሲነበብ ለልጁ ምን እንደሚሰጠው ብናውቅ ይበልጥ ይጠቅመናል።

በውጭው ዓለም ትልልቅ የጀግና ፊልሞች ሲወጡ ታሪካቸው በልብ ወለድ መልክ ተጽፎ አብሮ ይሸጣል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2002 የወጣው የሳም ራይሚ «ስፓይደርማን» በዚያው ዓመት በፒተር ዴቪድ ብዕር መጽሐፍ ሆኗል። ባለታሪኩ ወላጆቹን አጥቶ በአጎቱና በአጎቱ ሚስት እጅ ያደገ ወጣት ነው። ዝላዩንና ፍጥነቱን ለማሳየት ፊልምን የሚወዳደረው የለም። መጽሐፍ ደግሞ ካሜራ የማይደርስበት የልብ ውስጥ ይገባል፤ ፍርሃቱን፣ ጸጸቱን፣ ለማንም ያልተናገረውን ሐሳብ ለአንባቢው ያካፍላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ «ጥበብ ገርልስ»ን እናገኛለን። የሠራው «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ለልጆቻችን ያበረከተው፣ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከመሠረቱት አንዷ የሆነችበት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ነው። ፍቅር፣ ፍትሕና ትዕግሥት የተባሉት ሦስት ልጃገረዶች ልዩ ኃይል አላቸው። የሚታገሉት ግን ከሌላ ዓለም የመጣ ጭራቅ አይደለም፤ ያለዕድሜ ጋብቻን፣ ስለ ወር አበባ የሚነገረውን ነውር፣ ሴት ልጅን የሚጎዳ ልማድን ነው። ታሪካቸው በካርቱን ፊልምም በሥዕላዊ መጽሐፍም ቀርቧል።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ከልጅ ልጆቼና ከጎረቤት ልጆች ጋር በሁለቱም መንገድ አይቼዋለሁ። ፊልሙ ሲከፈት ሁሉም ይሰበሰባል። ወንዶቹም ይቀመጣሉ፤ እነሱም መስማት ስላለባቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፊደል ያልቆጠሩ አያትም ቡናቸውን ይዘው ያያሉ። ነገር ግን የወር አበባ ወሬ ሲመጣ አባት ሳል ሳል ይለዋል፣ ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። ፊልሙም አይጠብቃትም፤ ያልፋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ጨዋታው እዚያው ላይ ይቆማል።

መጽሐፉ ግን ይጠብቃታል። ያፈረችበትን ገጽ ለብቻዋ መልሳ ታነበዋለች። ከልጅ ልጆቼ አንዷ እንዲህ አንብባ ከቆየች በኋላ፣ ማታ ሁሉም ሲተኛ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «እማማ፣ እኔም ላይ ይመጣል?» አለችኝ። በአማርኛ ያልገባትን በጌዴኡፋ አስረዳኋት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው በተሰበሰበበት አይጠየቅም።

እንግዲህ ፊልሙ ወሬውን ቤት ውስጥ ያስገባል፤ መጽሐፉ ጊዜ ይሰጣል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። ሁለቱም የማይሠሩት ሥራ ደግሞ አለ። በታሪክ ውስጥ ጀግናዋ ሁልጊዜ በሰዓቱ ትደርሳለች። በእውነተኛው ኑሮ በር አንኳኩታ የምትገባው መምህርቷ ናት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፣ አለዚያም አክስት ናት። እነሱም የሚደርሱት ልጅቷ አፏን ከከፈተች ብቻ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ሲያልቅ «አንቺ ብትሆኚ ለማን ትነግሪ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋት። የሰው ስም ካልጠራች፣ ሥራው ገና አልተጀመረም ማለት ነው።

ሕጉንም ንገሯት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግም ያለዕድሜ ጋብቻንና የሴት ልጅ ግርዛትን ያስቀጣል። አባቶችም በሶንጎ ስለ ልጅ ጉዳይ ሲመክሩ ይህን ቢያነሱ ክብራቸውን አይቀንስም።

ስለ ወር አበባ ደግሞ ሳይመጣ በፊት፣ ከዘጠኝና ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ይነገራት። ጨርቅ የምትጠቀም ከሆነ በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ ትቀይር፣ በሳሙና ታጥባ ፀሐይ ላይ ታስጣ። በእኛ አካባቢ ዝናብ ስለሚበዛ፣ እርጥቡን ጨርቅ ከፍራሽ ሥር የሚደብቁ ልጆች አሉ። በዝናብ ጊዜ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ በደንብ ይድረቅ፤ ካውያ ካለም ይተኮስ። ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ሕመም ካላት ግን ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ «የሴት ወጉ ነው» ተብሎ አይታለፍ።

ፊልሙን አብራችሁ እዩ፣ መጽሐፉን በእጇ ስጧት። ሳሙናውንና ንጹሕ ጨርቁን ደግሞ ከየት እንደምታገኝ አሳዩአት፤ ጀግኖቹ ይህን አያመጡላትም።