ብልቃጡን ከመግዛታችሁ በፊት፦ ሞተሩ የጎደለው ምንድን ነው?

ከሰንጋ ተራ ተነስቶ በጥቁር አንበሳ በኩል ወደ ፒያሳ ሽቅብ የሚወጣ አሮጌ መኪና ሲያቃስት ሰምታችሁ ይሆናል። ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ቤንዚን ይረግጣል፣ መኪናው ግን አልሄድም ይላል። ማታ ስልኩን ሲከፍት ደግሞ ማስታወቂያው ይጠብቀዋል፦ አንድ ብልቃጥ ነዳጅ ውስጥ ጨምር፣ ጉልበት ይጨምራል፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ጭስ ያጠፋል።

መኪና ያላቸው ወዳጆቼ "ልግዛው ወይ?" ሲሉኝ መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ሞተሩ የጎደለው ምንድን ነው?

እንደ እውነቱ ከሆነ ዳገቱ ላይ የጎደለው ብዙ ጊዜ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ይህንን የሚመልስ ብልቃጥ የለም። "ኦክቴን ይጨምራል" የሚባለውም እንዲሁ ነው። የኦክቴን ሥራ ቤንዚኑ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን እንዳያንኳኳ መከላከል ነው። አየሩ በሳሳበት ከተማ ደግሞ ቱርቦ የሌለው ሞተር የማንኳኳት ዕድሉ ራሱ ይቀንሳል።

ይህ ማለት ግን ጭማሪ ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። እኛው አገር ትልቁን ሙከራ አይተናል። በ2001 ዓ.ም የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል 5 በመቶ እየተቀላቀለ በአዲስ አበባ ማደያዎች መሸጥ ጀመረ። በ2003 ዓ.ም ድርሻው ወደ 10 በመቶ አደገ። ኤታኖል ኦክቴን ያሳድጋል፣ ከውጭ የሚገዛውን ቤንዚንም ይቀንሳል። ነገር ግን በሊትር የሚሰጠው ኃይል ከቤንዚን በሲሶ ያህል ያነሰ ነው፣ ውሃም ይስባል። ጥቅሙም ዋጋውም ይታወቃል። ጥሩ ጭማሪ ማለት እንዲህ ነው፦ ምን እንደሰጠና ምን እንደወሰደ መናገር የሚቻልበት።

የማይነገርበት ሲሆን ምን እንደሚመጣ ደግሞ የሊድ ታሪክ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪ ሊድ ያለበት ውህድ ቤንዚን ውስጥ ሲጨመር ማንኳኳቱ እንደሚጠፋ አገኘ። ቃል የተገባው ሁሉ ተፈጸመ። ምርቱ ገበያ የወጣው ግን "ኢትል" በሚል ስም ነበር፤ ሊድ የሚል ቃል ስሙ ውስጥ አልነበረም። መርዙ በጭሱ እየወጣ የሕፃናትን አእምሮ ሲጎዳ ኖረ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተሰናበቱት። የመጨረሻዋ አልጄሪያ ያቆመችው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው።

ወደ ሞተር ዘይት እንምጣ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ የምትገዙት ዘይት ውስጥ ጭማሪው አስቀድሞ አለ። ቆሻሻ የሚያጥብ፣ ጥላሸት እንዳይከማች የሚበትን፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚከላከል የዚንክ ውህድ፣ ሲሞቅ እንዳይቀጥን የሚያደርግ። ፋብሪካው መጥኖ ነው የቀመመው። ወጥ ላይ ጨው ከተጨመረ በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ቢጨምርበት ምን ይሆናል? ፎስፈረስ ሲበዛ ለምሳሌ የጭስ ማጣሪያውን ያበላሻል።

አሜሪካ ውስጥ ስሊክ 50 የሚባል ቴፍሎን ያለበት የዘይት ጭማሪ ነበር፤ ብዙ ሚሊዮን ሰው ገዝቶታል። የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን ማስታወቂያው ማስረጃ የለውም ብሎ ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ1997 እ.ኤ.አ. በስምምነት ተቋጨ። ማስታወቂያ አይቶ መግዛት የእኛ ብቻ ችግር አይደለም ለማለት ነው።

ጉዳዩ አሁን ለእኛ ይበልጥ የሚከብደው በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ነው። ያለው ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለበት። በሜትር ታክሲ ለሚኖር ወጣት ሞተር ማለት እንጀራ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሒሳብ ሥሩ። ብልቃጡ የ5 ሊትር ቤንዚን ዋጋ ካለውና ለ40 ሊትር ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ለመመለስ ብቻ 12.5 በመቶ መቆጠብ አለበት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ከ100 በላይ "ነዳጅ ቆጣቢ" ምርቶችን መርምሮ ፍጆታን ጉልህ በሆነ መጠን የሚቀንስ አላገኘም።

ሁለተኛ፣ ጀርባውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አንብቡ። ፖሊኤተር አሚን ያለበት የኢንጀክተር ማጽጃ የተደፈነ ኢንጀክተርን በእርግጥ ያጸዳል። ምን እንዳለበት የማይናገር ብልቃጥ ግን ይቅርባችሁ።

ሦስተኛ፣ ዘይት ስትቀይሩ የኤስኤኢ ቁጥሩና የኤፒአይ ደረጃው ከመኪናው መመሪያ ጋር ይግጠም።

አራተኛ፣ ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ፋሻ አልቆ ከሆነ ወፍራም ፈሳሽ ጭሱን ለጥቂት ሳምንት ይደብቀዋል እንጂ ፋሻውን አይመልሰውም። ካንዴላና የአየር ፊልትሮ በጊዜ መቀየር፣ ጎማ በልክ መንፋት ግን ማስታወቂያ የሌላቸው፣ የሚሠሩ "ጭማሪዎች" ናቸው።