አራት ፊደል ስለ እናንተ ምን ያውቃል?

እስቲ ይህን አንብቡና ከ0 እስከ 5 ማርክ ስጡት፤ እናንተን ምን ያህል ይገልጻል?

«ለሰው ብዙ ትሰጣላችሁ፤ የሰጣችሁትን ያህል እንዳልተመለሰላችሁ የሚሰማችሁ ጊዜ ግን አለ። ከጓደኛ ጋር ስትሆኑ ትጫወታላችሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ብቻችሁን መሆን ያምራችኋል። ብትጀምሩት እንደምትችሉት የምታውቁት፣ እስካሁን ግን ያልጀመራችሁት ነገር አለ።»

4 ወይም 5 ሰጣችሁ? እኔ ግን አላውቃችሁም። ይህን የጻፍኩት ለማንም እንዲስማማ አድርጌ ነው።

በ1948 አሜሪካዊው የሳይኮሎጂ መምህር በርትራም ፎረር ይህንኑ በክፍሉ ሞክሮት ነበር። ለ39 ተማሪዎቹ የስብዕና ፈተና ሰጠ። ቆየት ብሎ ለእያንዳንዳቸው «ውጤትህ ይኸው» ብሎ ወረቀት አደለ። ተማሪዎቹ ለወረቀቱ ትክክለኛነት በአማካይ ከ5 4.26 ሰጡት። ለካ ሁሉም የደረሳቸው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሮቹም በአብዛኛው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀሙ ናቸው።

ስለዚህ «ልክ እኔን ነው የሚገልጸው!» ማለታችን አንድ ቴስት ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ታዲያ ማስረጃው ምንድን ነው?

በአንድ ፊደል ያለፈኝ ዕድል

ሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ ኢንተርኔት ላይ ቴስት ወሰድኩ። «ኢንትሮቨርት ነህ» አለኝ። በዚያው ሰሞን ጓደኞቼ የፕሮጀክት ቡድናችንን እንድመራ ጠየቁኝ። «እኔ የዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም» ብዬ እምቢ አልኩ። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ቴስት ደገምኩት። ኤክስትሮቨርት ሆኜ አረፍኩት!

በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ሰው አልሆንኩም። ነገሩ የገባኝ በኋላ፣ ስለ መለኪያ መሣሪያዎች ስንማር ነው።

ኮምፓራተር የሚባል ሰርኪዩት አለ። የሚገባው ቮልቴጅ ከተወሰነ ወሰን በላይ ከሆነ 1፣ በታች ከሆነ 0 ይላል። ወሰኑ 2.5 ቮልት ነው እንበል። 2.49 ሲገባ 0፣ 2.51 ሲገባ 1 ይሰጣል። ልዩነቷ ኢምንት ናት፤ ትንሽ ኖይዝ ከገባ መልሱ ይገለበጣል። በዚያ ላይ 2.51ም 4.9ም ለእሱ ያው 1 ናቸው።

በአራት ፊደል የሚያስቀምጡን ቴስቶች የሚሠሩትም እንዲሁ ነው። ከእነዚህ በጣም ታዋቂው ማየርስ-ብሪግስ ነው። ካትሪን ብሪግስ እና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ የተነሱት የስዊዘርላንዱ ካርል ዩንግ በ1921 ባሳተመው የሰዎች ዓይነት ሐሳብ ላይ ነው። ሁለቱም የሳይኮሎጂ ሥልጠና አልነበራቸውም። ሰውን በአራት መስመር ለሁለት ለሁለት እየከፈሉ 16 ዓይነት አወጡ።

ችግሩ ሰው እንዲህ ለሁለት የሚከፈል አለመሆኑ ነው። እንደ ቁመት አስቡት። አብዛኛው ሰው መሃል አካባቢ ነው፤ በጣም ረጅምና በጣም አጭር ጥቂት ነው። መሃል ላይ መስመር አስምራችሁ «ረጅም» እና «አጭር» ብትሉ፣ ብዙ ሰው በሚሊሜትር ልዩነት ወዲህና ወዲያ ይወድቃል። ቴስቱን ከሳምንታት በኋላ ሲደግሙት ቢያንስ አንድ ፊደል የሚቀየርባቸው ሰዎች ብዙ የሆኑት ለዚህ ነው። የቴስቱ አሳታሚ ራሱ ሠራተኛ ለመቅጠር አትጠቀሙበት ይላል።

ሚዛኑን መጀመሪያ መዝኑት

አንድ ሚዛን ጥሩ ነው ለማለት ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ያንኑ ዕቃ ደጋግማችሁ ስታስቀምጡበት ያንኑ ቁጥር ይሰጣል? ይህ አስተማማኝነት ይባላል። ቁጥሩስ እውነተኛውን ክብደት ነው? ይህ ትክክለኛነት ነው። ሥጋ ቤቱ ሚዛን ሁልጊዜ ግማሽ ኪሎ የሚጨምር ከሆነ አስተማማኝ ነው፣ ትክክለኛ ግን አይደለም። ጥሩ የስብዕና ቴስት ሁለቱንም ማለፍ አለበት።

በዚህ ዓይን የቀደሙትን ንድፈ ሐሳቦች እንያቸው። ሲግመንድ ፍሮይድ ባሕርያችንን የሚነዳው የማናውቀው የውስጥ ፍትጊያ ነው አለ። ፍላጎት ይጎትታል፣ ሕሊና ይከለክላል፣ መሃል ላይ ያለው «እኔ» ያስታርቃል። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ግን በምን ይለካል? በ1921 ኸርማን ሮርሻክ ያሳተማቸው አሥር የቀለም ጠብታ ሥዕሎች ድብቁን ዓለም ለማየት ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ አንዱ መርማሪ ያየውን ሌላው አለማየቱ ግን ለረጅም ጊዜ ሲያስወቅሳቸው ቆይቷል። እነ ካርል ሮጀርስ ደግሞ ሰው ወደ ተሻለ ራሱ ለማደግ ይጥራል አሉ። አልበርት ባንዱራ ሌሎችን አይተን የምንማረው ይቀርጸናል አለ። እያንዳንዳቸው የነገሩን አንድ ጎን አሳይተውናል፤ ጥሩ ሚዛን ግን የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው፤ ከመዝገበ ቃላት።

ቃላት የሚያውቁት

ሐሳቡ ቀላል ነው። የሰው ጠባይ ለኑሮ አስፈላጊ ከሆነ፣ ሰዎች ቃል አውጥተውለታል። አማርኛን ተመልከቱ፤ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ግልፍተኛ፣ ጭምት፣ ቅን፣ ተጫዋች፣ ዝርክርክ። አያቶቻችን ሳይኮሎጂ ሳይማሩ ሰው ሲያጠኑ ነው የኖሩት።

በ1936 ጎርደን ኦልፖርት እና ሄንሪ ኦድበርት ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሰውን ከሰው የሚለዩ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቃላት ለቀሙ። ከዚያ በኋላ እነ ሬይመንድ ካቴል ቃላቱን በሒሳብ መቀነስ ያዙ። ዘዴው ፋክተር አናሊሲስ ይባላል። ብዙ ሰው በብዙ ቃላት ይመዘናል፤ ከዚያ የትኞቹ ቃላት አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ ይታያል። «ተጫዋች» የተባለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ወሬኛ»ም ከተባለ፣ ሁለቱ ቃላት የሚለኩት አንድ ነገር ነው ማለት ነው።

ካቴል 16 ላይ ቆመ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደጋግመው ሲያሰሉት ግን አምስት ላይ ይረጋ ጀመር። ዛሬ «ቢግ ፋይቭ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው፦

• ለአዲስ ሐሳብና ልምድ ክፍት መሆን
• ሥርዓት ያዥነትና ጥንቁቅነት
• ከሰው ጋር መሆን መውደድና ተጫዋችነት
• ለሰው ማሰብና ተስማሚነት
• ቶሎ የመጨነቅና የመረበሽ ዝንባሌ

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ሳጥን የለም። በአምስቱም ላይ ቦታችሁ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ በሚሄድ መስመር ላይ አንድ ነጥብ ነው። ቴስቱን ስትደግሙት ነጥቡ ትንሽ ይነቃነቃል እንጂ ስማችሁ አይቀየርም። ትክክለኛነቱም ተፈትሿል፤ ለምሳሌ ጥንቁቅነት ከትምህርትና ከሥራ ውጤት ጋር መጠነኛ ግን ተደጋጋሚ ግንኙነት አለው።

ይህም ሚዛን ወሰን አለው

አንደኛ፣ ጠባይ ብቻውን አይወስንም። ዋልተር ሚሸል በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቴስት ውጤት አንድ ሰው በአንድ በተወሰነ ሁኔታ የሚያደርገውን የሚተነብየው በደካማው መሆኑን አሳየ። ክፍል ውስጥ ቃል የማይወጣው ልጅ ኳስ ሜዳ ላይ ጯሂ ሊሆን ይችላል። ቴስቱ የተሻለ የሚናገረው ስለ ብዙ ቀናት አማካይ እንጂ ስለ ነገው ከሰዓት በኋላ አይደለም።

ሁለተኛ፣ አምስቱ በሁሉም ቦታ በእኩል አይገኙም። በ2013 የታተመ ጥናት በቦሊቪያ ደን በእርሻና በአደን የሚኖሩትን የቺማኔ ሕዝብ ሲመዝን አምስቱ ክፍሎች በደንብ አልወጡም። ለአንድ ኅብረተሰብ የተሠራ መጠይቅ ተተርጉሞ ሲመጣ እዚያው መልሶ መፈተሽ የግድ ነው።

ሦስተኛ፣ ነጥቡ ራሱ ይጓዛል። ሰው ከወጣትነት ወደ ጉልምስና ሲሄድ በአማካይ ጥንቁቅነቱና ተስማሚነቱ ይጨምራል፣ ጭንቀቱ ይቀንሳል። በ20 ዓመት የተለካ ነገር የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም።

ቀጣዩን ቴስት ከመውሰዳችሁ በፊት

ሦስት ነገር ጠይቁ። ውጤቱ በሳጥን ነው ወይስ በመስመር? ብደግመው ያንኑ ይሰጠኛል? እዚህ፣ በእኛ ቋንቋና ኑሮ ተፈትሿል? መልስ ከሌለው ለጨዋታ ውሰዱት፤ ዲፓርትመንት ለመምረጥ ወይም አንድን ሥራ «አይሆነኝም» ለማለት ግን አትጠቀሙበት።

እኔ እምቢ ያልኩትን ቡድን ሌላ ልጅ መራው፤ ፕሮጀክቱም ጥሩ ሆኖ አለቀ። የሚቆጨኝ ያ አይደለም። መምራት እችል እንደሆነ የማውቀው ሞክሬው ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ያንን ጥያቄ ወሰን ላይ ለቆመች አንዲት ቁጥር ተውኩት። በሚቀጥለው ሴሚስተር ሲጠይቁኝ እሺ አልኩ። መጀመሪያው ስብሰባ ላይ ድምፄ ተንቀጥቅጧል፤ አራተኛው ላይ ግን ሰዓት አለቀብን።