ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዕለቱ መመለስ፦ የአንድ ቀን ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ባሕር ዳር፦ በጣና ዙሪያ ሐይቁን “ባሕር” ብሎ መጥራት የቆየ ልማድ ነው። ቀድሞ “ባሕር ዳር ጊዮርጊስ” ትባል የነበረችው ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ለረጅም ወራት ፀሐይ አይለያትም። ዘንባባ በተተከለባቸው ጎዳናዎቿ መዘዋወርና በሐይቁ ዳር ተቀምጦ ዓሣ መመገብ ራሱን የቻለ ደስታ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ እንግዶች የሚመጡት ከተማዋን መነሻ አድርገው በዙሪያዋ ያለውን ለማየት ነው።

ችግሩ በዙሪያዋ ያለው ብዙ መሆኑ ላይ ነው። ገዳማቱ፣ ፏፏቴው፣ ቤተ መንግሥቱ፣ የጎንደር ግንቦች፣ አውራምባ፣ ደብረ ታቦር በካርታ ላይ ሲታዩ ሁሉም ቅርብ ይመስላሉ። ሁለትና ሦስቱን በአንድ ቀን ለማየት የተነሣ እንግዳ ግን አብዛኛውን ሰዓት በመኪና ወይም በጀልባ ላይ ያሳልፍና ምሽት ሲደርስ ያየው ነገር ምን እንደሆነ ለይቶ መናገር ያቅተዋል። የአንድ ቀን ጉዞ የሚሠምረው የርቀቱ ኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን የሐይቁ ነፋስ፣ የቅዳሴው ሰዓት፣ የወንዙ ሙላትና የመመለሻው ጊዜ አብረው ሲታሰቡ ነው።

ሐይቁ የጧት ነው

ጣና ወደ 84 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 66 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ለተጓዥ ትርጉም አለው። ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱን ከውኃው ፈጥና ታሞቀዋለች፤ በዚህም የሙቀት ልዩነት የተነሣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የሚነሣ ማዕበል ደግሞ አጭርና ተደጋጋሚ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ጧት እንደ መስተዋት ረግቶ የታየ ሐይቅ በ9 ሰዓት ገደማ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል።

ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ ውኃው በጧት፣ የብሱ ከሰዓት በኋላ። ከጧቱ 1 ሰዓት ከ30 ላይ ከወደቡ የተነሣ እንግዳ እስከ 7 ሰዓት ድረስ ተመልሶ ምሳውን በከተማ መብላት ይችላል። ጀልባ ከመያዙ በፊት ሦስት ነገሮችን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ፣ ለልጆችም ጭምር፣ የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን፣ ጀልባው ከአቅሙ በላይ አለመጫኑን፣ እንዲሁም የተስማሙበት ዋጋ ስንት ገዳማትን ለማየትና ለስንት ሰዓት ለመቆየት እንደሆነ። የመጨረሻው በግልጽ ካልተነገረ እንግዳውንና ጀልባ ነጂውን በመመለሻ ሰዓት የሚያጣላ ጉዳይ እርሱ ነው።

ዘጌ፦ ለአንድ ቀን የተሠራች የምትመስል

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው ከሁሉ የሚመከረው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከወደቡ ወጥቶ በቡና ጫካ ውስጥ በእግር ጥቂት እንደተጓዙ የአዝዋ ማርያምና የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳማት ይገኛሉ። ሁለቱም ለወንዶችም ለሴቶችም ክፍት ናቸው። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ክብ ቅርጽ ያለው ሲሆን የመቅደሱ ግድግዳዎች በሥዕል የተሸፈኑ ናቸው። ማንበብ ለማይችል ምእመን መጽሐፍ ሆነው ያገለገሉት እነዚህ ሥዕሎች የክርስቶስን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ታሪክ በቅደም ተከተል ይተርካሉ። አስጎብኚ ይዞ መግባት ዋጋ የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው፤ ታሪኩን የሚነግር ሰው ከሌለ ሥዕሉ ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዘጌን ከሌላው የሚለያት ጫካዋ ነው። በአካባቢው ትውፊት ገዳሙን በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው፤ ሕዝቡም መሬቱን ላያርስ፣ ከብት ላያረባ፣ ከዛፎቹ ፍሬ ሊኖር ቃል ገብቷል ይባላል። ከዚህ የተነሣ የዘጌ ሰው የሚተዳደረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ሌላው መሬት ታርሶና ግጦሽ ሆኖ ሳለ ዘጌ በደን እንደተሸፈነች የቆየችው በዚህ ሥርዓት ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በሰው ልጅና ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘገብ፣ ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚኖሩበት ምሳሌ ሆኖ ሊጠቀስ የሚችል ስፍራ በውስጡ ነበረው ማለት ነው።

በመመለሻ መንገድ ላይ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ የተባሉት ጎረቤታም ደሴቶች አሉ። ክብራን ገብርኤል የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶችንም ይቀበላል። ቤተሰብ ይዞ የሚጓዝ ሰው ይህን አስቀድሞ ካወቀ ግማሹ ቤተሰብ በጀልባ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ጉዞ አይገጥመውም።

የቅዳሴውን ሰዓት መጠየቅ

ገዳማቱ ሙዚየም አይደሉም። ቅዳሴ በሚካሄድበት ሰዓት ጎብኚ እንደልቡ ሊዘዋወር አይችልም። በጾም ባልሆኑ ቀናት ቅዳሴው በማለዳ ይጠናቀቃል። በጾም ቀናት፣ ማለትም በረቡዕና በዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾምና በመሰሎቹ፣ ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከዚያ በኋላ ይዘገያል። ስለዚህ በጾም ወራት የሚመጣ እንግዳ ጧት ገብቶ ቀትር ሳይሆን ቢወጣ ይመረጣል። እሑድና በዓመት በዓላት ግን ሰዓቱ ረዘም ስለሚል በዋዜማው መጠየቅ ይበጃል። ጫማ አውልቆ መግባት፣ ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ መልበስ፣ ለሴቶች ነጠላ መያዝ፣ ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ የስፍራው ክብር የሚጠይቃቸው ናቸው።

ሩቅ ደሴቶች፦ ለቸኮለ ሰው አይሆኑም

ዳጋ እስጢፋኖስና ደቅ ደሴት ስማቸው ትልቅ ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ የአጼ ይኩኖ አምላክ፣ የአጼ ዳዊት፣ የአጼ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የአጼ ዘድንግልና የአጼ ፋሲለደስ አጽም እንዳረፈ ይነገራል፤ ገዳሙ የሚቀበለው ወንዶችን ብቻ ነው። በደቅ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ደግሞ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ የታነጸች ናት። ነገር ግን በተለመደው ጀልባ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መመለሻው ከሰዓት በኋላ ከሚነሣው ነፋስ ጋር ይገጥማል። እነዚህን ለማየት የቆረጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ለእነርሱ ብቻ ይስጥ፤ ጎሕ ሲቀድም ይነሣ፤ የአየሩን ጠባይ በተመለከተ ልምድ ያለው ጀልባ ነጂ “ዛሬ አይሆንም” ካለው ደግሞ አይከራከር።

ጢስ ዓባይ፦ ውኃው መቼ አለ?

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለግማሽ ቀን ጉዞ የተመቸ ነው። 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ገደል የሚወርደው ውኃ በሙላቱ ወራት እስከ 400 ሜትር የሚደርስ ስፋት ይኖረዋል። ወደ መመልከቻው የሚያደርሰው የእግር መንገድ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ያሻግራል።

በፎቶግራፍ ያዩትን ፏፏቴ ፈልገው በበጋ የሚሄዱ እንግዶች ግን ብዙ ጊዜ ቅር ብሏቸው ይመለሳሉ። ምክንያቱ ወቅቱ ብቻ አይደለም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ስፍራ በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ የሚለቀቀው ውኃ በመዝጊያ ይመጠናል። በ1993 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ቁጥር 2 የኃይል ማመንጫ ከፏፏቴው በላይ ውኃውን በቦይ ይወስዳል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ደግሞ ውኃውን በዓባይ በኩል ሳይሆን ከሐይቁ በቀጥታ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያሻግራል። በዚህም ጢስ የሚመስለው የውኃ ብናኝና የአገር መብራት ከአንድ ሐይቅ ይካፈላሉ። ፏፏቴው በሚሳሳበት ጊዜ የሚጎዳው የእንግዳው ዓይን ብቻ አይደለም። በመንገዱ ላይ ቡና የምታፈላው እናት፣ መንገድ የሚመራው ወጣት፣ ሰው የሚያሻግረው ጀልባ ነጂ ገበያቸው ከውኃው ጋር ይወርዳል።

ፏፏቴውን በሙሉ ግርማው ለማየት የሚሻ ሰው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ቢመጣ ይመረጣል። መንገዱ በዚያ ወቅት ስለሚያዳልጥ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። በበጋ የሚመጣ ደግሞ የውኃውን መጠን ከማየት ይልቅ ድልድዩን፣ ገደሉንና የእግር ጉዞውን ዓላማ አድርጎ ቢሄድ አያዝንም፤ ከመነሣቱ በፊትም በዚያው ሰሞን ሄዶ የመጣን ሰው ስለ ውኃው ይጠይቅ።

በየብስ መንገድ

ከሰዓት በኋላ ለቀረው ሰዓት በከተማዋ ዳርቻ ያለው የቤዛዊት ኮረብታ በቂ ነው። በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቤተ መንግሥት የተሠራበት ይህ ከፍታ ዓባይ ከሐይቁ ተለይቶ ጉዞውን ሲጀምር ያሳያል። ወንዙ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ማየትም የተለመደ ነው፤ ርቀት ጠብቆ ማየት ግን ግድ ነው።

ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ከተማዋን ለቅቆ የሚወጣ ሰው በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ፣ ሩዝ የሚመረትበትን የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ ወረታ ይደርሳል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ታጥፎ ጥቂት ሲቀጥል የአውራምባ ማኅበረሰብ ይገኛል። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ የሴትና የወንድ ሥራ ብሎ ባለመለየቱ፣ አረጋውያንን በጋራ በመጦሩና በሽመና ሥራው ይታወቃል። በዚያው መንገድ የሚቀጥል ሰው ደብረ ታቦርንና አጼ ቴዎድሮስ የሴባስቶፖልን መድፍ ያሠሩበትን ጋፋትን ማየት ይችላል። ለሙሉ ቀን ከዚህ በላይ መጨመር አይገባም።

ጎንደርስ? 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የፋሲል ግንብን፣ የፋሲል መዋኛንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን በቀሪው ሰዓት መሮጥ እንጂ ማየት አይቻልም። ጎንደር ማደሪያ ይገባታል።

መመለሻውን ማስቀደም

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ባጋጠመው የጸጥታ ችግር ምክንያት ከከተማ የሚያስወጡ መንገዶች ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ዕቅድ የሚጀምረው ከመሄጃው ሳይሆን ከመመለሻው ነው። በዋዜማውና በጧቱ የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ካረፉበት ሆቴልና በመስመሩ ከሚሠሩ አሽከርካሪዎች መጠየቅ፣ የትራንስፖርት ገደብ ካለ ሰዓቱን ማወቅ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማ መግባት፣ የት እንደሚሄዱ ለአንድ ሰው ተናግሮ መውጣት ያስፈልጋል። መረጃው ካልጠራ በከተማዋና በቅርቡ ውኃ ላይ ቀኑን ማሳለፍ ጉድለት አይደለም።

በቀረው የሚያዘው ጥቂት ነው። ከፍታው ፀሐይዋን ስለሚያበረታ ባርኔጣ፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ጧት በሐይቁ ላይ ለሚሰማው ብርድ ጋቢ ወይም ሹራብ፣ ለመግቢያና ለአስጎብኚ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ ይበቃሉ።

ከኮሮና ወረርሽኝ ጀምሮ የእንግዳ መጠን ባሽቆለቆለባቸው ዓመታት በጀልባ፣ በአስጎብኚነትና በእደ ጥበብ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ብዙ ቀን ያለ ገቢ አሳልፈዋል። የአንድ ቀን እንግዳ አይቶ ብቻ ቢመለስ ለእነርሱ ያለው ጥቅም ትንሽ ነው። በዘጌ ቡና ጠጥቶ፣ በአውራምባ አንድ ጋቢ ገዝቶ፣ የአካባቢውን ወጣት አስጎብኚ አድርጎ ቢመለስ ግን ቀኑ ለሁለቱም ወገን ይተርፋል። ለዚህም ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜ የሚገኘው ደግሞ በአንድ ቀን አንድ ስፍራ ብቻ ሲመረጥ ነው።